እርሳስ አስነክሰው ፈገግታ ላስተማሩን ዳይሬክተር

ለተከበሩ የሆቴልና መስተንግዶ ማሰልጠኛችን ዳይሬክተር፦

እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ያ ከፊትዎ ተለይቶ የማያውቀው ፈገግታዎ ሁሉ ደህና ይሆኑ ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። እኔ አምና በእጅዎ የተመረቅሁ፣ ፎቶዬ እስከ ዛሬ በማሰልጠኛው በር ላይ ተሰቅሎ አላፊ አግዳሚውን «ኑ ተመዝገቡ» የሚል አስተናጋጅ ነኝ፤ ማለቴ፣ እስካለፈው ሳምንት ድረስ ነበርኩ። በአደባባይ መጻፌም ቢሮዎ በተመላለስኩ ቁጥር «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለተባልኩ እንጂ መምህሬን የማሳጣት አመል ኖሮብኝ አይደለም።

አንደኛ፣ ናፕኪን በአበባና በወፍ ቅርጽ ማጠፍ ስላስተማሩን አመሰግናለሁ። የተቀጠርኩበት ሆቴል ናፕኪኑ ወረቀት ስለሆነ አንዲት ወፍ እንኳ ሳላጥፍ ወጣሁ።

ሁለተኛ፣ በመለማመጃው ምግብ ቤት እንግዳ ሆነው የሚቀመጡልን መምህራን ስለነበሩ፣ እንግዳ ሁሉ ሾርባ ቢደፋበትም «አይዞሽ ልጄ» የሚል መስሎኝ ሥራ ገባሁ። አንዱ ሰውዬ ሾርባው ቀዘቀዘ ብሎ ስድቡን ከነዘር ማንዘሬ ሲያወርድብኝ ማርክ የሚሰጠኝ መስሎኝ ቆሜ ጠበቅኩት። ፈረቃ ደርቦ መሥራት፣ ምሳን ቆሞ መጉረስ፣ እግር አብጦ ጫማ እምቢ ማለት፣ እነዚህን ከመጽሐፋችን ያስቀሩት መቼም እንዳንሰለች አስበውልን ይሆናል።

ሦስተኛው የእርሳሱ ነገር ነው። ፈገግታ እንድንለምድ እርሳስ በጥርሳችን አስነክሰው መስታወት ፊት ሲያቆሙን፣ ጉንጫችን እስኪዝል ድረስ፣ «እንግዳ ምንም ቢያደርግ ፈገግታችሁ አይውረድ፤ ሌላውን ለእኔ ተዉት፣ እኔ አባታችሁ ነኝ» ይሉን ነበር። አመንኩዎት። አባቷን በልጅነቷ ያጣች ሴት እንዲህ ያለውን ቃል እንደ ዋዛ አትሰማውም።

ባለፈው ሳምንት ያን ዕለት፣ ሆቴሉ ውስጥ በምሳ ሰዓት፣ በመስኮቱ ዳር ጠረጴዛ የተቀመጠ እንግዳ እጁን ወገቤ ላይ አሳረፈ፤ አላነሳውም። በሁለት እጄ ሳህን ስለያዝኩ እንደተማርኩት ፈገግ አልኩ። ከጎኑ የተቀመጡት እርስዎ ነበሩ። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን፤ እፎይ፣ አባቴ አለልኝ አልኩ በሆዴ። እርስዎ ግን በልተው ጨርሰው ሳሉ የምግብ ዝርዝሩን አንስተው ፊትዎን ሸፍነው ማንበብ ጀመሩ። ወይ ጉድ! ምን አምሮዎት ነበር?

እጁ ወደ ታች ሲወርድ ሳህኑን ለቅቄ ጮህኩ። አለቃዬ ሲመረምረን ሰውየው «እሷ እኮ ደስ ብሏት ትስቅ ነበር» አለ። ምስክር ተብለው ሲጠየቁ እርስዎም «አዎ፣ ፈገግ ብላ ነበር» አሉ። አልዋሹም፤ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። በማግስቱ ተባረርኩ።

ሰውየውን አላውቀውም፣ እጁን አንድ ቀን እረሳው ይሆናል። የእርስዎን ዓይን ግን እንዴት ልርሳው? ከድተውኛል፤ በጨዋ ቋንቋ የምለውን ፈልጌ አጣሁ።

አሁን የማስቸግርዎ ስለ እኔ አይደለም። ታናሽ እህቴ ሰኞ እርስዎ ዘንድ ትምህርት ትጀምራለች። ተይ ብላት እምቢ አለች፤ ሙያውን ትወደዋለች፣ እውነቱን ለመናገር እኔም እወደዋለሁ። ስለዚህ ፎቶዬን ከበሩ ላይ ያውርዱልኝ፤ ከናፕኪኑ ትምህርት ላይም አንዲት ሰዓት ቀንሰው «እጅዎን ያንሱ» ማለትን ያስተምሩልኝ።

ለዋሉልኝ ውለታ ሁሉ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣
ጉንጯ እስካሁን ያልተፍታታላት ልጅዎ

ማስታወሻ፦ እህቴ ገና ካሁኑ ቤት ውስጥ እርሳስ ነክሳ መለማመድ ጀምራ ነበር። ትናንት ከአፏ አውጥቼ ቀረጽኩት፤ ይህን ደብዳቤ የጻፍኩልዎ በእሱ ነው። ሰኞ ፊተኛው ወንበር ላይ ትቀመጥና እጅ ሲመጣባት ምን ማድረግ እንዳለባት ትጠይቅዎታለች። እባክዎ፣ የምግብ ዝርዝር አያንሱ።