የካርድ ክፍሏ ስህን አሻግሬ (1969–2016 ዓ.ም.)

ወ/ሮ ስህን አሻግሬ ከአባታቸው ከአቶ አሻግሬ ይመር እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ዘውዴ ሞላ ጥር 12 ቀን 1969 ዓ.ም. በአምባሰል ወረዳ ውጫሌ አካባቢ ተወለዱ። ሐይቅ ከተማ አክስታቸው ቤት ተቀምጠው እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሩ። በ1990 ዓ.ም. በዚያው ከተማ በአንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ተቀጠሩ፤ በ1993 ዓ.ም. ከመምህር ጌታነው አበጋዝ ጋር ትዳር መሥርተው ልጃቸውን ሔለንን ወለዱ።

የካርድ ቁጥሩ የጠፋበት ሕመምተኛ ስህን ካሉ አይደነግጥም ነበር። የእናቱን ስምና ቀበሌውን ጠይቀው ካርዱን ከመደርደሪያው ይስቡታል። መድኃኒት የማይስማማው ከሆነ ሽፋኑ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ይጽፉለታል።

በ2010 ዓ.ም.፣ በለውጡ ዓመት፣ ኮምፒውተር ገባ። ስህን አጠቃቀሙን ከልጃቸው ተምረው በሁለት ዓመት የሁሉንም ካርድ መረጃ አስገቡ። ክፍሉ ጠቦ፣ አይጥም አስቸግሮ ስለነበር አሮጌዎቹ ካርዶች እንዲቃጠሉ ሲወሰን ከፈረሙት አንዷ ነበሩ። ደስ ብሏቸው ነው የፈረሙት። ይህን የጻፍነው ራሳቸው «እንዳይቀር» ስላሉ ነው።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሐይቅ ደረሰ፤ ተሰደድን። በታኅሣሥ ስንመለስ ከጤና ጣቢያው ኮምፒውተሮች አንድም አልተረፈም። ስህን ደብተር ይዘው በእግራቸው በየቤቱ እየዞሩ፣ ባዶ የመድኃኒት ካርቶን እያገላበጡ፣ የስኳርና የልብ ሕሙማንን መዝገብ እንደገና መጻፍ ጀመሩ። አርዲቦ ሐይቅ ዙሪያ በዋሉበት አንድ ቀን የጎረቤታችን የወ/ሮ አሚናት ልጅ ኢልሀም ጉሮሮዋን ታማ ጤና ጣቢያ ሄደች። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። እናቷ አንድ መርፌ እንደማይስማማት ያውቃሉ፤ ስሙን ግን አያውቁትም። «ስህን ዘንድ ተጥፏል» አሉ። ቢፈለግ የለም። ያው መርፌ ተሰጣት፤ ልጅቷም በዚያው አረፈች።

ከዚያ ወዲያ የእህታችንን ሳቅ አልሰማንም። በ2015 ዓ.ም. አዲስ ኮምፒውተር ሲመጣ መረጃው በየወሩ ታትሞ ሌላ ቦታ እንዲቀመጥ፣ ሕመምተኛውም የማይስማማውን መድኃኒት ስም በወረቀት እንዲይዝ፣ አለቆቻቸውን ነዝንዘው አስፈቀዱ። ኮምፒውተሩን አልጠሉትም፤ የጠሉት ራሳቸውን ነበር። እኛም ይህን ማስተው አቅቶን እናዝንባቸው፣ እንቆጣቸውም ነበር።

በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የጡት ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። በደሴና በአዲስ አበባ ሲታከሙ ቆይተው ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በ47 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። በእነዚያ ስምንት ወራት ገላቸውን ሲያጥቡ፣ ሲያጎርሱ የነበሩት ወ/ሮ አሚናት ናቸው። ስህን በየቀኑ ይቅርታ ይለምኗቸዋል፤ እርሳቸውም በየቀኑ «ካላህ የመጣ ነው፤ አንቺ ምን አረግሽኝ» ይሏቸዋል። ስህን ግን አንድም ቀን አላመኗቸውም።

ባለቤታቸው መምህር ጌታነው፣ ልጃቸው ሔለን፣ ይህን የጻፍኩት ወንድማቸው እንዳለ፣ እንዲሁም ወ/ሮ አሚናት በሐዘን ላይ እንገኛለን። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን።

እህቴ ሆይ፣ አሚናት ይቅር ካሉሽ ቆይተዋል። አሁን እንኳ እመኛቸው።