እጄ የለመደው ቦታ

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

ዛሬም ጡረተኛው ተማሪዬ። አሮጌዋ መኪና ጋራዥ ስለገባች በሌላኛዋ ወጣን። በዚችኛዋ የፍሬቻው ዘንግ በግራ ነው፤ እሳቸው በቀኝ ለምደዋል። መታጠፍ በፈለጉ ቁጥር የመስታወት መጥረጊያውን ያስነሱታል። በጠራራ ፀሐይ… ፍጭ ፍጭ።

"አባባ፣ ዝናብ የለም እኮ!"

"እኔማ አውቃለሁ ልጄ። እጄ ነው ያላወቀው።"

እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። መንዳት ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ ስንቱን አየሁ፣ እንደ እሳቸው ያለ ግን የለም።

ከሰዓት በኋላ እሜቴ ደወሉ። የሰማይ ዝላይ አሰልጣኛችን ናቸው፤ ሁላችንም እሜቴ ነው የምንላቸው። ፈተናውን አልፌያለሁ! ከእንግዲህ የራሴን ዕቃ ገዝቼ ብቻዬን መዝለል እችላለሁ። ቢሮ ውስጥ ወንበር ላይ ወጥቼ ጮህኩ።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኩት። ሳህን እያጠበ ነበር።

"እንኳን ደስ አለሽ። የዝላይ ትምህርት ቤቱ ዕቃ ምን ሆነ?"

"የሁሉም ሰው ነው። የሰው ላብ ይሸታል። የራሴን ነው የምፈልገው።"

"እሺ።"

ይሄ "እሺ" የሚላት ነገር… ቢጣላኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ቀኑን ሙሉ ዕቃ ስመርጥ ዋልኩ። መጀመሪያ ሄልሜት። አንዱን አደረግሁ፣ አማረብኝ። እሜቴ "ራስሽን ነቅንቂ" አሉኝ። ነቀነቅሁ። "ከጭንቅላትሽ ጋር አብሮ ካልዞረ ያንቺ አይደለም።" አራተኛው ነው የሆነኝ፤ ከሁሉም አስቀያሚው። ከዚያ እጅ ላይ የሚታሰረው የከፍታ መለኪያ። በቁጥር የሚያሳየውን ላነሳ ስል ከእጄ ነጠቁኝ። "መርፌ ያለውን ያዢ። ሰው ሲደነግጥ ቁጥር አያነብም።"

ከዚያ ዋናው ነገር፣ ጃንጥላው። ጃንጥላ የሚጠግኑት ሽማግሌ አንድ ብርቱካናማ አወጡልኝ። ትልቅ፣ ፀሐይ የበላው። ልጆቹ "ድንኳኑ" ይሉታል። የሚከፈትበት እጀታ እንደ ትምህርት ቤቱ ዕቃ ቀኝ ዳሌ ላይ ነው። "የለመድሽው ነው ልጄ፤ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?" አሉኝ። ድንኳን ተሸክሜ ልዙር? አላልኩም። በሆዴ ነው ያልኩት።

ያኔ ቀልጣፋው የምንለው ልጅ መጣ። ሦስት ዓመት ዘሏል፤ እጁ ፈጣን ነው፣ ምላሱ ደግሞ ከእጁ ይብሳል። የሚሸጣትን ጃንጥላ ይዞ ነው የመጣው። ሰማያዊ! ጥልፍልፍ ነጭ መስመር ያላት።

"እህት ዓለም፣ ልበሻትና መስታወት እዪ። ከዚያ አልገዛም ካልሽ እኔ ዝላይ አቆማለሁ።"

ለበስኩ። አየሁ። ዓይኔ እዚያው ቀረ።

እሜቴ ገለበጧት፣ ስፌቷን በጣታቸው ዳሰሱ፣ ገመዶቿን አንድ በአንድ አዩ። "ስፋቷ ይበቃሻል። ዕቃዋም ደህና ነው። እጀታዋ ግን ከኋላ ነው፣ ከቦርሳው ሥር፣ መቀመጫሽ ጋ። አንቺ የሠለጠንሽው ለዳሌ ነው። በየቀኑ መሬት ላይ ካልተለማመድሽ በዚች አትዘይም።"

"እሺ።"

"በየቀኑ ነው ያልኩሽ።"

"እሺ አልኩ እኮ እሜቴ!"

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ገዛኋት። ሰማያዊዋን።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

ሰኞና ማክሰኞ ደክሞኝ ነበር። ዛሬ ሳሎን ውስጥ ለብሻት ተለማመድኩ። ቀጥ ብዬ ቆሜ፣ እጄን ወደ ኋላ፣ ጨብጦ መሳብ። አንዴም አልሳትኩም። ለዚህ ነው በየቀኑ? ሕፃን ልጅ ያደርገዋል።

ባለቤቴ ከሥራ ሲገባ አየኝ። "ምን ጠፍቶብሽ ነው ከኋላሽ የምትፈልጊው?" ብሎ ሳቀ። ከሳቀ ሰንብቷል። አብሬው ሳቅሁ።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

መጻፍ አልፈለግሁም። ግን ካልጻፍኩት ራሴንም ልዋሸው ነው።

ጠዋት እሜቴ "በየቀኑ ተለማመድሽ?" አሉኝ። "በየቀኑ" አልኩ። መሬት ላይ አሳዪኝ አሉ። አሳየሁ፤ በትክክል። ፈቀዱልኝ።

ከአውሮፕላኑ ስወጣ ሁሉም ነገር ሸጋ። ሰማዩ ጥርት ያለ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ከልቤ። መርፌው ጃንጥላ የምከፍትበት ከፍታ ላይ ደረሰ። እጄን ላክሁት። ዳሌዬ ላይ። ምንም የለም! ጠፍር ብቻ። ደገምኩ። አሁንም ዳሌዬ ላይ! እጀታው ከኋላ እንደሆነ ማን ያስታውሰኝ? ጭንቅላቴ ባዶ።

ሕጉ የመጀመሪያው ቀን የተማርነው ነው። ሁለቴ ፈልገሽ ካጣሽ ተዪው፤ ግራ ደረትሽ ላይ ያለውን የመጠባበቂያውን እጀታ ሳቢ። ሦስተኛ ሙከራ የሚባል ነገር የለም። እየወደቅሽ ነው እኮ!

እኔ ሦስተኛ ፈለግሁ።

ለምን? መጠባበቂያው ነጭ ነዋ። በነጭ ጃንጥላ ብወርድ ሁሉም ያያል። "ገና በመጀመሪያው ቀን!" ይባላል። ቀልጣፋው ይስቃል። መሬት እየመጣብኝ እኔ የማስበው የሰው ሳቅ!

በሦስተኛው ጣቶቼ ከኋላ ድንገት ነኩት። ሳብኩ። ሲከፈት አውራ ጎዳናው ላይ ያሉትን መኪኖች ቀለማቸውን እለይ ነበር።

ስወርድ አጨበጨቡልኝ። ቀልጣፋው ትከሻዬን መታ፦ "ዝቅ ብለሽ ስትከፍቺ እንዴት ያምራል በይ!" ማማሩን…

እሜቴ አላጨበጨቡም።

"ዝቅ አልሽ።"

"ሰማዩ ደስ ብሎኝ ትንሽ ቆየሁ።" ዓይኔን በጨው ታጥቤ።

"እኔ ከዚህ ሆኜ ጃንጥላሽን ነው የማየው። እጅሽ አይታየኝም። እጅሽ ምን እንዳደረገ የምትነግሪኝ አንቺ ነሽ። የምትነግሪኝ አለ?"

"የለም።"

አዩኝና ሄዱ። ያወቁ ይመስለኛል። ወይስ አላወቁም? ወይኔ።

ጥቅምት 16፣ እሑድ

ቁርስ ላይ ባለቤቴ "እንዴት ነበር ትናንት?" አለኝ። "አሪፍ" አልኩት። ሻዬን ሳነሳ ጠረጴዛው ላይ አፈሰስኩት።

ጨርቅ አምጥቶ ጠረገና ተቀመጠ። እሱ ሆስፒታል ራጅ ክፍል ነው የሚሠራው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ተረኛ ነው። ዳቦውን እየቆረሰ፣ ወደ እኔ ሳያይ ተናገረ።

"ቅዳሜ በአልጋ እየገፉ ሰው ሲያመጡልኝ፣ እግሩ ይሁን እጁ የተሰበረው አላይም። መጀመሪያ ፊቱን ነው የማየው። ከዚያ ሥራዬን እጀምራለሁ።"

የማን ፊት መሆኑን እንደሚፈራ ገባኝ። አሁን ንገሪው፣ አሁን… አልነገርኩትም። ፈሪ! ከሰማይ እዘላለሁ እያልኩ ከባሌ ጋር ቁርስ ላይ ማውራት የምፈራ።

ጥቅምት 19፣ ረቡዕ

ጡረተኛው ዛሬም መጥረጊያውን አስነሱት። መሳቅ አልቻልኩም። ጥግ አስያዝኳቸውና ሞተሩን አስጠፋሁ፤ ቆመን ፍሬቻውን ብቻ ስናበራ ስናጠፋ ቆየን።

"ምነው ልጄ፣ ዛሬ አመመሽ?"

"ደህና ነኝ አባባ። ይድገሙት።"

ቅዳሜ መሄድ አለብኝ? ብቀር ለምን ቀረች ይላሉ። ብሄድስ? ይሄን ሳምንት አንድ ቀን እንኳ ቦርሳዋን አልከፈትኩም። ሳያት ፊቴን አዞራለሁ።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

ሄድኩ።

አውሮፕላኑ ውስጥ ጉልበት ለጉልበት ተጠጋግተን ተቀመጥን። ቀልጣፋው ጀርባዬ ላይ ያለውን ቦርሳ መረመረና ትከሻዬን መታ፤ ደህና ነሽ ማለት ነው። በሩ ከመከፈቱ በፊት ሁሉም ሰው እጀታዎቹን እየነካ ቦታቸውን ያረጋግጣል። ዋናው ጃንጥላ ቢበላሽ የሚጣልበት እጀታ፣ አለ። የመጠባበቂያው፣ አለ። መክፈቻው…

ዳሌዬን ጨብጫለሁ።

ክው አልኩ። በሩ ተከፈተ። ነፋሱ ገባ። አንዱ ወጣ፣ ሁለተኛዋ ወጣች።

"እህት ዓለም፣ ያንቺ ተራ!"

"አልወጣም።"

"ምን?"

"አልወጣም አልኩህ! እለፍ!"

አለፈ። ሁሉም አለፉ። ከአውሮፕላን ጋር የሚመለሰውን ጀማሪ "ደርሶ መልስ የቆረጠ" ነው የምንለው። ዛሬ እኔ ቆረጥኩ። በሩን እየዳህኩ ሄጄ ነው የዘጋሁት።

"ከወንበሬ ጀርባ ቁጭ በይና ቀበቶሽን እሰሪ" አለኝ አብራሪው። "ቀስ ብዬ ነው የማወርድሽ። በፍጥነት ከወረድን ጀርባሽ ላይ ያለው መሣሪያ የወደቅሽ መስሎት ጃንጥላውን እዚሁ ይዘረግፍብናል።" እንቁላል እንደጫነ ሰው አወረደኝ። መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ። እሱም አንዴም ዞሮ አላየኝም፤ ምስጋና ይግባው።

እሜቴ ሜዳው ላይ ይጠብቁ ነበር። ሳይጠይቁኝ ዘረገፍኩት። በየቀኑ አለመለማመዴን፣ ዳሌዬን ሁለቴ መፈለጌን፣ ሦስተኛውን…

"ሦስተኛ ፈለግሽ?"

"አዎ።"

"መጠባበቂያውን ትተሽ?"

"አዎ። እንዳይስቁብኝ ብዬ።"

ልክ ልኬን ነገሩኝ። ሰው ይስማ አይስማ ግድ አልነበራቸውም። ሲጨርሱ ድምፃቸው ወረደ፦ "ዛሬ ባለመዝለልሽ ደግ ሠራሽ። ለአራት ሳምንት አትዘይም። ዕቃሽን ይዘሽ ሂጂ፣ ተለማመጂ። ስትሳሳቺ እኔን አትፍሪኝ፤ ስትዋሺኝ ግን ፍሪኝ።"

ማታ ለባለቤቴም ነገርኩት፣ ከነሦስተኛው። የያዘውን ብርጭቆ አስቀመጠ። ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ እንደገና ተነሳ።

"ለሰው ሳቅ? ለዚያ ለምላሳም ልጅ ሳቅ ልትሞቺብኝ?"

ጮኸብኝ። እኔም ጮህኩ። ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን። እንዲህ ተጣልተን አናውቅም፤ ደግሞም እንደ ዛሬ ቀሎኝ አያውቅም።

ጥቅምት 27፣ ሐሙስ

ቆሞ መለማመድ ምንም አይጠቅምም ያለው ባለቤቴ ነው። "ስታስቢበትማ ማን ይስታል? ሳታስቢው ነው መያዝ ያለብሽ።" ስለዚህ ቦርሳዋን አዝዬ የቤት ሥራ እሠራለሁ። ሽንኩርት ስልጥ፣ ጥርሴን ስፍቅ፣ ድንገት ይጮህብኛል፦ "ሳቢ!"

ዛሬ ጎረቤታችን መሰላል ልትዋስ መጣች። ማሰሮ እያማሰልኩ፣ ጀርባዬ ላይ ጓዝ።

"መንገድ አላችሁ እንዴ?"

"ገና ነን" አላት እሱ፣ ፍንክች ሳይል።

ኅዳር 7፣ እሑድ

ስልክ እያወራሁ "ሳቢ!" አለኝ። ዳሌዬ! አሁንም ዳሌዬ! ስልኩን ሶፋው ላይ ወረወርኩት። ድንኳኑን ሌላ ጀማሪ ገዝቶታል አሉ። ቀናሁበት።

ኅዳር 14፣ እሑድ

ሳምንቱን ሙሉ አልሳትኩም። ትናንት እንቅልፍ እንቅልፍ ሲለኝ እንኳ ጮኸብኝ፤ እጄ ቀጥ ብሎ ከኋላ። "አሁን ይሻላል" አለ። ይሻላል? እዚያ ላይ ማን ይጮህልኛል? የሚጮኸው መርፌው ብቻ ነው፣ እሱም ድምፅ የለው። ስድስት ቀን ቀረኝ። እፈራለሁ።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

ባለቤቴ ተራውን ቀይሮ አብሮኝ መጣ። ሽቦ አጥሩ ጋ ተውኩት።

ከአውሮፕላኑ ወጣሁ። ዛሬ ሰማዩን አላየሁም፤ መርፌውን ብቻ። ደረሰ። እጄ ሄደ፣ ከኋላ፣ ጨበጠ፣ ሳብኩ። ከላይ ሰማያዊዋ ሙሉ በሙሉ ተዘረጋች። ከፍ ብዬ! መንገዱ ክር ሆኖ ይታየኛል። ብቻዬን እየጮህኩ ወረድኩ።

ግን አንድ ነገር ነበር። ወደ ኋላ ከመሄዱ በፊት እጄ ዳሌዬን ነካ አድርጓል። ለቅጽበት። ዓይን እስኪርገበገብ እንኳ አይሆንም። ወዲያው ራሱ ታርሞ ሄደ።

ማንም አላየም። ከመሬት አይታይም።

እሜቴ እየሳቁ መጡ፤ ሲስቁ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። "ያማረ ከፍታ!" ቀልጣፋው ለሁለተኛው በረራ ስሜን አስይዞልኛል። "ነይ እንጂ፣ ሞተሩ ተነስቷል!" ይላል። መሄድ አማረኝ። በጣም አማረኝ። ዝም ብል ማን ያውቃል?

"እሜቴ፣ መጀመሪያ ዳሌዬን ነክቻለሁ።"

ሳቃቸው ቆመ። "ስንቴ?"

"አንዴ። ነካ ብቻ። ከዚያ ወደ ኋላ ሄደ።"

"እና?"

"እና ዛሬ አልደግምም።"

ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ሌሎቹ ዞሩ። አልተቆጡም፣ አላመሰገኑኝምም። ቀልጣፋው "በነካ ብቻ?" ብሎ ሳቀ። ይሳቅ።

አጥሩ ጋ ሄድኩ።

"ሁለት ዝላይ ነው አላልሽም?" አለኝ ባለቤቴ።

ለእሱም ነገርኩት። ሰማኝና ቦርሳዋን ከትከሻዬ ተቀበለኝ። ሌሎቹ ሲዘሉ ቆመን አየን። ማን የትኛው እንደሆነ እየጠየቀኝ፣ እኔ በጣቴ እያሳየሁት። አልዋሽም፣ ቅናት አንገበገበኝ።

ስንመለስ እሱ ነው የነዳው። መንገዱን ሙሉ፣ ቤት ስንደርስ ምን ብዬ ልንገረው እያልኩ አልተጨነቅሁም። የምነግረውን ነግሬው ጨርሻለሁ። መስኮቱን ተደግፌ ተኛሁ።