ካሜራዋ በአባባ ባቡር ግንባር ላይ

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ፣ ከረፋዱ 4፡00

ዛሬም ሙሽራ የለም። ሁዳዴ ነው፤ እስከ ዳግም ትንሣኤ ወረታ ውስጥ ማንም አያገባም። ፎቶ ቤቱን ከፍቼ፣ ሁለት የመታወቂያ ፎቶ አንስቼ፣ ዘግቼ መጣሁ። ደብተሬ፣ ትዝ የምትይኝ ሥራ ሲጠፋ ብቻ መሆኑን ታውቂያለሽ። አትቀየሚኝ።

አባባ ባቡራቸው ላይ ናቸው። ባቡር ስልሽ መጫወቻ ነው፤ ወንድሜ አያ ሞገስ ልጆቹ ሲሰለቹት ከባ/ዳር የላከው። በባትሪ ይሄዳል። አባባ ግን በወጣትነታቸው ድሬዳዋ የባቡር ነጂ ረዳት ነበሩና እንደ መጫወቻ አላዩትም። ሁለት አሮጌ በሮች በርሜል ላይ አጋድመው ጠረጴዛ አደረጉ። በጭቃና በጭድ ኮረብታ ሠሩ። ሃዲዱን ዘረጉ። ይኸው ፎገራ ላይ ባቡር ገባ፤ ማንም ሳያስመርቀው። ወንዞቹ ርብና ጉማራ አሉ። ጣናም አለ፤ የተሰበረ መስታወት ነው። ሜዳው ደግሞ ሩዝ ሲፈለፈል የሚወድቀው ገለፈት ነው፤ ከመፈልፈያ ቤት በማዳበሪያ ተሸክሜ ያመጣሁት እኔ ነኝ።

ችግሩ ጉልበታቸው። ጎንበስ ማለት አይችሉም። የሠሩትን አገር ከላይ ብቻ ነው የሚያዩት።

ሞገስ ደወለ። ለፋሲካ ይመጣል። ሲመለስ አባባን ይዞ ነው። ለጥየቃ አይደለም፣ ለኑሮ። ምክንያቱን ደረደረልኝ፦ ባ/ዳር ሐኪም ቅርብ ነው፤ አንቺ ሰርግ ልትቀርጺ ስትሄጂ ብቻቸውን ይውላሉ፤ እማዬ ካረፈች ወዲህ ከሰው ጋር ማውራት ትተዋል። ሁሉም እውነት። አባባን እርስዎ ምን ይላሉ አልኳቸው። «እንዳላችሁ» አሉ።

እንዳላችሁ! ይህን ቃል የፈጠረውን ባገኘው።

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9፡00

ደብተሬ፣ ዛሬ ጎበዝ ነኝ!

ያቺን ትንሿን ካሜራ ታስታውሺያታለሽ? ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙ የማትበልጠዋን። አምና የሙሽራዋ እቅፍ አበባ ውስጥ ደብቄያት፣ ሰርጉን ሙሉ የሙሽሪትን አገጭ ቀርጻ የመጣችዋን። ከመሳቢያ አወጣኋት። ባቡሩ ግንባር ላይ በፕላስተር ለጠፍኳት።

የመጀመሪያው ጉዞ፦ ጉማራ ኩርባ ላይ ወድቃ ጣና ገባች። ሁለተኛው፦ ጣሪያ ብቻ። በሦስተኛው ከክብሪት ቀፎ ላይ ቆርጬ ከስሯ ሽብልቅ አስገባሁ። ቀጥ አለች። የምታየው በዋይፋይ ስልኬ ላይ ይወጣል። ስልኩን ብርጭቆ አስደግፌ አባባ ፊት አቆምኩት።

ኮረብታው እውነተኛ ኮረብታ ሆኗል። ድልድዩ ስር ጨለማ አለ። የገለፈቱ ሜዳ ማለቂያ የለውም። አባባ ወንበራቸውን ወደ ስልኩ ሳቡ። ድንገት ጮኹ። ፍሬን!

ዶሮዋ። ጠረጴዛው ላይ ወጥታ ሃዲዱ መሀል ቆማ ገለፈቱን ትጭራለች፣ ትለቅማለች። ስልኩ ላይ እግሯ የዋርካ ግንድ ያህላል። ባቡሩን አቆምኩ። አባባ ሳቁ። ከዚያ ሳሉ። ከዚያ ደግሞ ሳቁ። ይህን ሳቅ ከሰማሁ ዓመት አልፎኛል። ወደ ጓዳ ገብቼ ዓይኔን ጠረግሁ፤ ዶሮዋንም ዛሬ ሳላባርራት ቀረሁ።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡00

አባባ አለቃ ሆነዋል። ባቡሩ ኩርባ ላይ ይፈጥናል፤ ቀንሺ። ፉርጎው ባዶ ነው፤ ጫኚበት። የካሜራዋ አንገት ቀና ብሏል፤ ነጂ ሰማይ አያይም። ድሬዳዋ ላይ አሸዋ ሃዲዱን ሲሸፍን እንዴት በአካፋ እየጠረጉ እንዳለፉ ሲያወሩ ረፈደ። እኔ የማላውቀው ታሪክ ነው። አርባ ዓመት አብረን ኖረን!

አንድ እንከን። የገለፈቱ ብናኝ ይነሳና የካሜራዋን ዓይን ያለብሰዋል። ለዚህ መላው ቀላል ነው። የአፈር ወለል የሚጠርግ ሰው ምን ያደርጋል? ውሃ ይረጫል። እኔም ጠዋት ጠዋት በጣቴ ርጭት ርጭት አድርጌ ሜዳውን አረጥባለሁ። አቧራ የለም፤ ምስሉ ጥርት ብሏል። በራሴ ብልሃት ኮራሁ።

ያሰብኩትን ልንገርሽ። ጉዞውን ከጫፍ ጫፍ ቀርጼ፣ ቆንጆ አድርጌ አቀናብሬ፣ ፋሲካ ዕለት ለሞገስ በቴሌቪዥን አሳየዋለሁ። አባባ በሕይወት እንዳሉ ይይ። ሌላ የምከራከርበት ነገር የለኝም።

መጋቢት 14፣ እሑድ፣ ከሰዓት

ቄስ አላምረው ከቅዳሴ መልስ ጎራ አሉ። የአባባ የልጅነት ጓደኛ ናቸው፤ የቤታችን የንስሐ አባትም። ስልኩ ፊት አስቀመጥናቸው። ባቡር ተሳፍረው አያውቁም። ኩርባው ላይ ሰውነታቸው አብሮ አጋደለ፤ ወንበሩን ያዝኩላቸው።

ሲጨርሱ ፊታቸው ጨፈገገ። ሁለት ዙር ዞርኩ፣ አንድም ቤተ ክርስቲያን አላየሁም አሉ። አባባ ክው አሉ። ጣቢያ ሠርተዋል፣ ገበያ ሠርተዋል፣ የከብት በረት ሳይቀር ሠርተዋል። ቤተ ክርስቲያኑን ረስተውታል! ቄሱ ይህ እንዴት ያለ አገር ነው ብለው ተቆጡ። አባባ የባቡር ሰው ጣቢያ ነው የሚታየው ብለው መለሱ። ሁለት ሽማግሌዎች እንደ ልጅ ተኳረፉ።

አመሻሽ ላይ ቄሱ ተመልሰው መጡ። በሻማ ቁራጭ ምሰሶ፣ በጤፍ ጭድ ክዳን፣ ክብ ቤተ ክርስቲያን ሠርተው በነጠላ ሸፍነው። የሚቆምበትን ቦታ ራሳቸው መረጡ። ባቡሩ ቅዳሴ እንዳይረብሽ ከሃዲዱ ራቅ ብሎ።

መጋቢት 19፣ ዓርብ፣ ጠዋት 1፡30

ጉድ ሆንኩ።

ዛሬ ካሜራዋን ስከፍት ስልኩ ላይ ሁሉ ነገር አረንጓዴ። ካሜራዋ ተበላሸች ብዬ ጠረግኋት። አረንጓዴ። ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሩዝ! ሩዝ በቅሏል፣ ደብተሬ! መፈልፈያው ያለፈው ፍሬ ገለፈቱ ውስጥ ነበር ለካ። ዶሮዋ ስትለቅም የዋለችው ምን መሰለኝ? የፎገራ ልጅ ሆኜ፣ ጭቃ ላይ ፍሬ በትኜ፣ አሥር ቀን ሙሉ ውሃ አጠጥቼ፣ በቀለ ብዬ እደነግጣለሁ።

ሃዲዱ መሀል ሳይቀር ወጥቷል። ባቡሩ ሁለት ክንድ ሄዶ ይቆማል። ቪዲዮዬ ገደል ገባ። ፋሲካ ሦስት ሳምንት ቀረው። ልነቅለው እጄን ሰደድኩ።

አባባ ከኋላዬ ቆመው ኖሯል። ያለ ምርኩዝ። «ፎገራ ላይ የበቀለ ሩዝ ይነቀላል? ማን አስተማረሽ፣ ትርንጎ?» አሉ። ሃዲዱ ላይ ያለው ብቻ ይታረማል ተባለ። ፎቶ የማስተካክልበትን ወረንጦ ወሰዱብኝ። ጠረጴዛውንም እየገፋሁ ወደ መስኮቱ አስጠጋሁት፤ ፀሐይ እንዲያገኝ።

መጋቢት 24፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ 10፡00

እንዴት ልጻፈው።

ጠዋት ካሜራዋን ሳላጠፋት ወደ ፎቶ ቤት ሄጄ ኖሯል። ባትሪዋ እስኪያልቅ ቀርጻለች። ከሰዓት ስከፍተው ባቡሩ ቆሟል፤ የሩዙ ቡቃያ ግራና ቀኝ። የአባባ ጣቶች በወረንጦ ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። ድምፅም አለ። አባባ ያወራሉ።

መጀመሪያ ከባቡሩ ጋር መሰለኝ። ከእማዬ ጋር ነው። ጉማራን ተሻገርን ይሏታል። ሩዝሽ በቅሏል፣ አንቺ ብትኖሪ አረሙን ለእኔ አትተይውም ነበር ይሏታል። ከዚያ ቀስ ብለው ባ/ዳር ሊወስዱኝ ነው ይላሉ። አልሄድም ብል ልጆቹ በእኔ ይጣላሉ፤ ስለዚህ እንዳላችሁ እላለሁ። ግን አንቺን እዚህ ቅጥር ውስጥ ትቼ የት እሄዳለሁ? እማዬ የተቀበረችው ከዚህ ሁለት መንገድ አልፎ ባለው የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው።

አለቀስኩ። ደግሞ ወዲያው ዶሮዋ መጣችና አባባ ለእማዬ የጀመሩትን ትተው የዶሮዋን ዘር ማንዘር ሰደቡ። እያለቀስኩ ሳቅኩ።

አሁን አንድ ነገር በእጄ አለ። ይህን ለሞገስ ባሰማው ነገሩ ያልቃል።

መጋቢት 25፣ ሐሙስ፣ ከቅዳሴ በኋላ

ለቄስ አላምረው ነገርኳቸው። መቋሚያቸው ላይ ተደገፉ። «ለሚስቱ ያወራውን ነው የሰማሽው። ለእናንተ ሲፈልግ ይናገር» አሉኝ።

ተናደድኩ። ባይናገሩስ? ተናግረው አያውቁም እኮ! ግን ልክ ናቸው። ስለሆኑም ነው የተናደድኩት። ቤት ገብቼ ደመሰስኩት። አሁን የቀረኝ የሩዝ ማሳ ውስጥ የሚዳክር ባቡር ብቻ ነው።

ሚያዝያ 6፣ ሰኞ፣ ከቀኑ 8፡00

ሰሙነ ሕማማት። ሩዙ ከባቡሩ በለጠ። ካሜራዋ በአረንጓዴ ዋሻ ውስጥ ነው የምትሄደው፤ ቅጠሉ ግራና ቀኝ ይጠርጋታል፤ ድንገት ይከፈትና መስታወቱ ጣና ብልጭ ይላል። ከዚህ በፊት የቀረጽኩት ሁሉ ከዚህ ጋር ሲተያይ ደረቅ ነው። ስህተቴ ከብልሃቴ በለጠ።

አባባ በቀን አራት ጊዜ ይነሳሉ፣ ያርማሉ፣ ይቀመጣሉ። ጉልበታቸው ያማቸዋል፤ አልደበቁም። ግን ልብሳቸው ተጣጥፎ ሻንጣ ውስጥ ገብቷል። ራሳቸው ናቸው ያጣጠፉት።

ሚያዝያ 11፣ ቀዳም ስዑር፣ ከቀኑ 9፡00

ቄስ አላምረው ቃጭል እያስመቱ ቄጤማ ይዘው መጡ። የአባባን ራስ አሰሩ፣ የእኔን አሰሩ። ወደ ጠረጴዛው ሄደው አንድ ዘለላ የባቡሩ ግንባር ላይ አሰሩ። ካሜራዋ እስከ ቀትር ቄጤማ ብቻ ቀረጸች። ልፈታው አልደፈርኩም።

ሞገስ ደረሰ። አባባን አቅፎ ሳመ። ወፍረዋል አለ፣ እንደ መገረም ብሎ። ሻንጣውን አይቶ ደስ አለው።

ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ፣ ከቀኑ 10፡00

ዶሮው ተበላ። (ያቺ አይደለችም። ያቺን አባባ አሳርደዋል እንዳትዪ፤ ማንም አይነካትም።) ቴሌቪዥኑን አዘጋጀሁ። ቪዲዮውን ከፈትኩ። መብራት ጠፋ።

ከወር በላይ የለፋሁበት በአንዲት ቅጽበት! ልጮህ ነበር። አባባ ግን ሞገስን ና ተቀመጥ አሉት። ስልኬን ብርጭቆ አስደግፈው ፊቱ አቆሙለት። ባቡሩን ራሳቸው አስነሱ።

ሞገስ መጀመሪያ ለወጉ ነበር የሚያየው። ባቡሩ ሩዙ ውስጥ ገባ። ቀና ማለቱን ተወ። ቤተ ክርስቲያኑ አለፈ። ጣና አለፈ። አገሩን ሲያውቀው ከፊቱ ላይ አየሁ። ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ሲል የራሱ ፊት ከኮረብታው ጀርባ እንደ ጨረቃ ወጣ፤ ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ፤ ሦስታችንም ሳቅን። ሁለቴ ድገሙ አለ። ልጆቹ በዚህ ባቡር እንዲህ ተጫውተው አያውቁም አለ።

ከዚያ ሰዓቱን አየ። ነገ በጠዋት እንነሳ አለ፤ መንገዱ ሳይጨናነቅ።

አባባ ጠረጴዛው መኪናህ ውስጥ ይገባል ወይ ብለው ጠየቁ። አይገባም አለ ሞገስ። አባባ ወረንጦውን አስቀመጡ። ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ።

«እንግዲያው ሩዙ ሳይታጨድ አልሄድም።»

አልሄድም። እንዳላችሁ አላሉም፣ ደብተሬ። አልሄድም አሉ! እኔ ከንፈሬን ነክሼ መሬት መሬት አየሁ። ሞገስ እኔን አየ፤ ያስጠናኋቸው መስሎት። በመድኃኔዓለም ማልኩለት። አባባ፣ ይህ በር ላይ የበቀለ ሩዝ እኮ ነው፣ ፍሬ አይዝም አላቸው። እሱ ሲታይ ነው አሉ አባባ። መቼ ነው የሚታጨደው አላቸው። ኅዳር። ከኅዳር በኋላስ?

«ከኅዳር በኋላማ ዘሩ ይቀመጣል። ለከርሞ።»

ሞኝ አይደለም ወንድሜ። ተነስቶ የአባባን ግንባር ሳመ። ሻንጣውን አንስቶ ወደ መኝታ ቤታቸው መልሶ አስገባው።

ሚያዝያ 13፣ ሰኞ፣ ጠዋት 2፡00

ሞገስ ብቻውን ሄደ። ለጉልበታቸው ሐኪም ይዞላቸዋል፤ አባባ እሺ አሉ። ግን ደርሶ መልስ ብቻ፤ ሌላ ትኬት አልቆርጥም አሉት። መኪናው ውስጥ ሆኖ በየሳምንቱ ቪዲዮ ላኪልኝ አለኝ። አረሙን ሳይቀር።

የወሰንኩትን እዚህ ልጻፈው፤ በኋላ እንዳልክደው። ሰርግ ሲጀመር ራቅ ያለ ሥራ አልይዝም። ወረታና አንበሳሜ ይበቃኛል። እኔ በሌለሁበት ቀን ቄስ አላምረው ከአባባ ጋር ይውላሉ። ማንም ሳይሾማቸው የጣቢያ ሹም ነኝ ብለዋል። ትንሿ ካሜራ ከእንግዲህ ሙሽራ ጋ አትሄድም። ሥራ አላት። ቄጤማውንም ዛሬ ፈትተን…

አባባ እየጠሩኝ ነው። ዶሮዋ እንደገና ጉማራ ድልድይ ላይ…