የወይዘሮ የሺመቤት አካሉ ትንፋሽና በወይዘሮ ሉባባ ላይ የተናገሩት ቃል

ወይዘሮ የሺመቤት አካሉ ከአባታቸው ከአቶ አካሉ ንጉሤና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል በደራ ወረዳ፣ አንበሳሜ አጠገብ ተወለዱ። የቀበሌ መታወቂያቸው የተወለዱት በ1950 ዓ.ም. ነው ይላል። እሳቸው ግን ይህን ቁጥር አምነውት አያውቁም፤ «ጸሐፊው ፊቴን አይቶ የገመተው ነው» ይሉ ነበር። እናታቸው የነገሯቸው 1948 ዓ.ም. ስለሆነ ቤተሰቡም የያዘው ይህንኑ ነው።

በአንበሳሜ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረዋል። አባታቸው በሞት ሲለዩ ትምህርቱን አቋርጠው ከእናታቸው ጋር ገበያ መውጣት ጀመሩ። የቅቤ ንግድ የለመዱትም ያኔ ነው። በቅጠል ተጠቅልሎ ከገጠር ከመጣው ቅቤ በጥፍራቸው ይቆነጥራሉ፣ እጃቸው ጀርባ ላይ ያሹታል፣ ከዚያ ወደ አፍንጫቸው ያስጠጉታል። ላሟ የበላችውን ሳይቀር ያውቁ ነበር እየተባለ ይወራል። የሚወራውን ሁሉ መቀበል ባያስፈልግም፣ ባዕድ ቅባት የተቀላቀለበትን ቅቤ ሻጯ ቅጠሉን ፈትታ ሳትጨርስ ሲመልሱ ያዩ ብዙ ሰዎች ዛሬ እዚህ ቆመዋል።

በ1968 ዓ.ም. በጣና ላይ በሚመላለሱ ጀልባዎች መካኒክ ከነበሩት ከአቶ አለበል ገድሉ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ኑሯቸውን ባሕር ዳር አደረጉ። ልጆቻቸውን ሀዲስንና ወንጌላዊትን የወለዱትም በዚሁ ከተማ ነው። አቶ አለበል ከቁንዝላ ሲመለሱ ቅቤ ይዘው ይመጣሉ፤ ወይዘሮ የሺመቤት ቅቤውን በገበያው ይሸጣሉ። ከባለቤታቸው እጅም ቢሆን ሳያሸቱ ተቀብለው አያውቁም።

በገበያው ጎረቤታቸው ቅመም ነጋዴዋ ወይዘሮ ሉባባ ኑርሑሴን ነበሩ። ሁለቱ ሴቶች በአንድ ሸራ ጥላ ሥር ተቀምጠው ልጆቻቸውን አሳድገዋል። በጾም ወራት ቅቤ ሲቆም ወይዘሮ የሺመቤት ኮረሪማ ይፈለፍሉላቸዋል። በረመዳን ደግሞ ወይዘሮ ሉባባ በጊዜ ወደ ቤት እንዲገቡ የቅመሙን መደብ እሳቸው ይጠብቃሉ።

በ1983 ዓ.ም. ግድም ወይዘሮ የሺመቤት አፍንጫቸው ይዘጋ ጀመር። በመጀመሪያ ምች ነው ተባለና ዳማከሴ ተጨመቀላቸው። ቀጥሎ ሳይነስ ነው ተባለና አዋቂ ነኝ ያለ ሁሉ የቅጠል ጭማቂ አፍንጫቸው ውስጥ ጨመረ። በዓመቱ ደረታቸው ያፏጭ ጀመር። ነቀርሳ ይሆናል ተብለው አክታቸው ተመረመረ፤ አልተገኘም። ኋላ አስም መሆኑ ተነግሯቸው ወደ አፍ የሚነፋ ፓፍ ታዘዘላቸው። ደረታቸውን ያዳመጡት ሐኪሞች ስለ አፍንጫቸው አልጠየቋቸውም። ለአፍንጫቸው የሄዱባቸው ሰዎችም ደረታቸውን አልሰሙም። እሳቸውም አንዱን ለሌላው አልተናገሩም፤ ያላመኑት ሰው ዘንድ ከሚጠየቁት በላይ መናገር ልማዳቸው አልነበረም።

ለማንም ያልነገሩት አንድ ነገር ግን ነበር። ማሽተት አቁመዋል። ቅቤውን እንደ ቀድሞው በእጃቸው ጀርባ ላይ አሽተው ወደ አፍንጫቸው ያስጠጉታል እንጂ የሚሰማቸው ነገር የለም። ቅቤ ነጋዴ አፍንጫዋ እንደማይሠራ ከታወቀ ገበያው አይምራትም። ስለዚህ ቅቤውን ወደ ወይዘሮ ሉባባ እጅ ማሻገር ጀመሩ።

«እስቲ ይኸን እይልኝ ሉባባ፣ ዛሬ የአንቺ ቅመም ሽታ አምታታኝ።»

«ኧረ የሺ፣ ትናንትም እንዲሁ ብለሽኛል» ይሉና ያሸቱላቸዋል። ጎምዛዛ ከሆነ ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ፤ ደህና ከሆነ ዝም ይላሉ። ወይዘሮ ሉባባ ነገሩን ተረድተውት ነበር፤ ለአንድ ሰው ግን አልተነፈሱም። ወይዘሮ የሺመቤት እንደ ውለታ ሊቆጥሩት ሲገባ፣ ምስጢራቸውን የሚያውቁት ወይዘሮ ሉባባ ብቻ በመሆናቸው ውስጥ ውስጡን ይፈሯቸው ጀመር።

በዚያው ዘመን በጉንጫቸውና በግንባራቸው ላይ የሚጫን ሕመም ይነሣባቸው ነበር። ቤታቸው ሲያማቸው ራሳቸውን አጥብቀው በሻሽ ያስራሉ፤ ኪኒን አይነኩም። ገበያ ላይ ሲያማቸው ግን ወይዘሮ ሉባባ ከቅመም ሣጥናቸው ጥግ የራስ ምታት ኪኒን አውጥተው ከውኃ ጋር ይሰጧቸዋል። በእኛ ገበያ ኪኒን ለጎረቤት ማቀበል እንደ ውኃ ማቀበል ነው፤ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ጥቂት ቆይቶ ግን አፍንጫቸው ይፈስሳል፣ ዓይናቸው ይቀላል፣ ደረታቸው ይታፈናል። ወይዘሮ የሺመቤት በመጀመሪያ የጠረጠሩት በርበሬውን ነበር። ቦታ ለወጡ። ቀጥሎ ነፋሱን ጠረጠሩና ሸራ አስጋረዱ። ሁሉንም ጠርጥረው ሲጨርሱ የቀሩት ወይዘሮ ሉባባ ብቻ ሆኑ።

ጥር 10 ቀን 2000 ዓ.ም. ቅዳሜ፣ የከተራ ዕለት፣ ገበያው ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ ሕመማቸው ተነሣ። ኪኒኑን ዋጡ፤ ብዙም ሳይቆዩ ከንፈራቸው ጠቁሮ ወደቁ። ሰዎች ባጃጅ ላይ ሊጭኗቸው ሲያነሷቸው በተቆራረጠ ትንፋሽ የተናገሩትን የሰማ ሁሉ ያስታውሰዋል።

«የሉባባ እጅ ነው። አንድ ነገር አድርጋብኛለች።»

በሆስፒታል በኦክስጅን ተረፉ። ወይዘሮ ሉባባ ሾርባ ይዘው ሊጠይቋቸው መጡ፤ ወይዘሮ የሺመቤት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ቃሉ ከእሳቸው አፍ ወጥቶ በገበያው ዞረ። በወይዘሮ ሉባባ መደብ የሚቆም ሰው እየሳሳ ሄደ። ከሩቅ ሰላም ብሎ የሚያልፍ በዛ። እሳቸውም መደባቸውን ዘግተው ከልጃቸው ከሰላህ ጋር ወደ ወረታ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ወይዘሮ የሺመቤት ቅቤውን የሚያሸትላቸው ሰው አጡ። ደንበኞቻቸው ቅቤያቸው ሸተተ እያሉ መመለስ ጀመሩ። እሳቸው ግን ይህንንም «ሉባባ ከወረታ ሆና የምትልከው ወሬ ነው» አሉ። በ2005 ዓ.ም. ባለቤታቸው አቶ አለበል በሞት ተለዩዋቸው። ከዚያ ወዲያ ቤታቸውን በጊዜ የሚዘጉ፣ ከጎረቤት የመጣ ምግብ የማይቀምሱ ሰው ሆኑ።

በ2010 ዓ.ም. የፊታቸው ሕመም ሲጠናባቸው ወደ አንድ ትንሽ ክሊኒክ ሄደው የሕመም ማስታገሻ መርፌ ተወጉ። ከክሊኒኩ በር ሳይርቁ እንደ ከተራው ቀን ታፈኑ። ወይዘሮ ሉባባ ግን በዚያ ቦታ አልነበሩም። ጥርጣሬያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚይዘውን አጣ። እሳቸው ግን ቶሎ አልለቀቁትም፤ «ያኔ ያደረገችብኝ ውስጤ ቀርቶ ነው» ብለው ከራሳቸው ጋር ተስማሙ።

በ2011 ዓ.ም. በሩቅ አገር የተማረችው ልጃቸው ወንጌላዊት ተመለሰች። እሷም በተራዋ የማታምን ሰው ነበረች። እናቷ የነገሯትን አላመነችም፤ ስለ መርፌው ሄዳ ስትጠይቅ ክሊኒኩ የሰጣትን መልስም አላመነችም። ከከተማው ወጣ ብሎ ዘንዘልማ ከተከራየችው ቤት በየማለዳው በሚኒባስ እየመጣች ትጨቀጭቃቸው ነበር። በመጨረሻ እናትና ልጅ እየተነታረኩ ወደ አንገት በላይ ሐኪሙ ወደ ዶክተር ሀብተ ሥላሴ ሄዱ።

ዶክተሩ ስለ አስሙ ሲነገራቸው መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ሽታ ነበር።

«እናቴ፣ ሽታ ይለያሉ?»

«ቅቤ ነጋዴ ነኝ እኮ» አሉ ወይዘሮ የሺመቤት፣ ቆጣ ብለው።

ዶክተሩ ዓይናቸውን አስጨፍነው አንድ ጊዜ ሳሙና፣ አንድ ጊዜ የተፈጨ ጥቁር አዝሙድ አስጠጉላቸው። ወይዘሮ የሺመቤት ሳሙናውን ቅቤ ነው አሉ። ጥቁር አዝሙዱን ደግሞ ምንም የለም አሉ።

«ዛሬ ጉንፋን ይዞኝ ነው።»

«ስንት ዓመት የያዘዎት ጉንፋን ነው?»

ወንጌላዊት ሳቀች፤ እናቷ አልሳቁም። ይህን ምስጢር ከወይዘሮ ሉባባ ሌላ ሰው ሲያውቅባቸው የመጀመሪያው ነበር።

ዶክተሩ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍንጫቸው አስገብተው ሲያዩ፣ ፖሊፕ የሚባለው ለስላሳ የሥጋ እባጭ መንገዱን ዘግቶት አገኙት። በሲቲ ስካን በጉንጫቸውና በግንባራቸው አጥንት ውስጥ አየር ሊኖርበት የሚገባው ቦታ ሁሉ ተደፍኖ ታየ። አፍንጫቸውና ሳንባቸው የታመሙት በአንድ በሽታ መሆኑን፣ አንዱን ብቻ ማከም እንደማይበቃ አስረዷቸው። ከዚያ ገበያ ላይ ስለወደቁበት ቀን ጠየቋቸው፤ ምን በልተው እንደነበር፣ ምን ጠጥተው፣ ምን ውጠው። የክሊኒኩን መርፌም ጠየቁ። ወይዘሮ የሺመቤት ከገለጹት መልኩ ኪኒኑ አስፕሪን መሆኑን፣ ክሊኒኩን ጠይቀውም መርፌው የእሱ ዘመድ የሆነ ማስታገሻ መሆኑን አረጋገጡ። አስምና ፖሊፕ ካለባቸው ሰዎች መካከል እነዚህን መድኃኒቶች ሰውነታቸው የማይቀበል እንዳሉ፣ መድኃኒቶቹም እስከ ሞት ሊያፍኗቸው እንደሚችሉ ነገሯቸው።

ወይዘሮ የሺመቤት አንድ ጥያቄ ጠየቁ።

«ሰጪው ማንም ቢሆን?»

«ማንም ቢሆን። እኔ ብሰጥዎም ያው ነው።»

ይህንንም ወዲያው አልተቀበሉም። ምስሉን ይዘው፣ ዶክተሩ ያሉትን ሳይናገሩ፣ ሌላ ከተማ ላለ ሐኪም አሳዩ። እሱም ያንኑ አላቸው። ከዚያ በኋላ ነው ሕክምናውን የጀመሩት። በመጀመሪያ አስሙ በየቀኑ በሚወሰድ ፓፍ እንዲረጋ ተደረገ። ጠዋትና ማታ ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውኃ አፍንጫቸውን ያጥባሉ፣ ከዚያ የሚረጨውን መድኃኒት ይጠቀማሉ። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ እባጩ በቀዶ ሕክምና ወጣላቸው። ሊያደነዝዟቸው ሲሉም የእያንዳንዱን መርፌ ስም ሳይሰሙ አልተወጉም። ነርሷ «እማማ፣ ፈተና ላይ ነው እንዴ ያለሁት?» ማለቷ እስከ ዛሬ በቤቱ ይነሣል።

አፍንጫቸው ከተከፈተ ከሳምንታት በኋላ አንድ ጠዋት ከሸራው ጥላ በኋላ የያዙትን ትንሽ ሱቅ ሲከፍቱ አፍንጫቸውን ይዘው ወደ ኋላ ተመለሱ። ለገበያ ያዘጋጁት ቅቤ ሸቷል። የቅቤ ማሰሮዎቹን አንድ በአንድ ከፈቱ፤ ደህናው ጥቂት ነበር። ደንበኞቻቸው እውነት ተናግረው ኖሯል። ከወረታ የተላከ ወሬ አልነበረም። ወይዘሮ የሺመቤት ሱቁን ዘግተው በማግስቱ ወደ ወረታ ተሳፈሩ።

ወይዘሮ ሉባባ በራቸው ላይ ተቀበሏቸው፤ ግቢም ውጪም አላሉም።

«ሉባባ፣ ኪኒኑ ነው እንጂ አንቺ አልነበርሽም። አሁን አወቅሁ።»

«እኔ ያኔም አውቄዋለሁ፣ የሺ። ምንም እንዳላደረግሁ አውቃለሁ።»

«ይቅር በይኝ።»

«እኔ ይቅር ብያለሁ፤ አላህም ይቅር ይበልሽ። ግን አንቺ እኔን የከሰስሽው ገበያ መሃል ነው፣ ይቅርታ የምትጠይቂኝ ደግሞ ደጃፌ ላይ፣ ሰው በሌለበት። እዚያ የሰማው ሰው ይህን በምን ይሰማል?»

ወይዘሮ የሺመቤት በገበያው ቆመው ሊናገሩ ቃል ገብተው ተመለሱ። በሚቀጥለው ቅዳሜ እያሉ ቆዩ። ምክንያቱን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፤ ያንን ለመናገር አፍንጫቸው ለብዙ ዘመን እንደማይሠራ፣ የሸተተ ቅቤ ሲሸጡ እንደኖሩም መናገር ነበረባቸው። ከዚያ ወረርሽኙ መጣ፤ ገበያው ተበተነ። ኋላም መንገዱ አልመች አለ። ጊዜው ሲያልፍ ሁለቱ ሴቶች በስልክ ይጠያየቁ ጀመር። ወይዘሮ ሉባባ ግን ወደ ባሕር ዳር ገበያ ተመልሰው አልመጡም።

እባጩ ጥቂት ተመልሶ ቢያድግም፣ መድኃኒታቸውን ስላላቋረጡ በአስም ምክንያት ዳግመኛ ሆስፒታል አልተኙም። ባለፈው ዓመት የልብ ድካም ያዛቸው። ቤተሰቡ አስሙ ነው ብሎ ጠርጥሮ ደጋግሞ አስመርምሯል፤ አልነበረም። ሕመሙ ሲጸናባቸው ልጆቻቸውን ጠርተው እንዲህ አሉ።

«እኔ በሕይወቴ ያልደፈርሁትን በቀብሬ ቀን አንብቡት። ገበያተኛው ሁሉ ይመጣል፤ የቀበረኝ ሰው ሳይሰማ አይሂድ። ስለ አፍንጫዬ የሆነውንም አትደብቁ።»

ወይዘሮ የሺመቤት አካሉ ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ70 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ሀዲስንና ወንጌላዊትን፣ አራት የልጅ ልጆችን፣ እንዲሁም እህት ብለው ይጠሯቸው የነበሩትን ወይዘሮ ሉባባ ኑርሑሴንን ትተው አልፈዋል።

ይህ ሲጻፍ ወይዘሮ ሉባባ ከወረታ ይምጡ አይምጡ አልታወቀም። ተነግሯቸዋል፤ መልስ አልሰጡም። ስለዚህ ይህ ቃል የሚነበበው እሳቸው ቢኖሩም ባይኖሩም ነው። በከተራው ቀን «የሉባባ እጅ ነው» ሲባል የሰማችሁ፣ ከሰማ ሰው የሰማችሁም፦ አልነበረም። ወይዘሮ ሉባባ ለታመመች ጎረቤታቸው ኪኒን ከማቀበልና ምስጢሯን ከመጠበቅ በቀር ያደረጉት ነገር የለም። ይህን ያሉት ሟች ራሳቸው ናቸው። ወደየመደባችሁ ስትመለሱ ያኔ ለነገራችኋቸው ሰዎች ሁሉ ንገሩ።

ቸሩ እግዚአብሔር የእናታችንን የወይዘሮ የሺመቤትን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን። ለበደሉት በደል ምሕረቱን አይከልክላቸው፤ ለተበደሉትም ልብን የሚያሳርፍ ቀን ያምጣላቸው። አሜን።