ስለማታለቅሰው ልጄ ጨዋነት

ቡታጅራ፣ የካቲት 1963 ዓ.ም.
ለክቡር የጤና ጣቢያችን ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ከቤታችን የራቀውን ጤና እግዚአብሔር ለእርስዎ አትረፍርፎ ይስጥልን። የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ሆኜ ለሐኪም ስለ ሕመም መጻፌ «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» እንደሚያሰኝብኝ አውቃለሁ፤ ነገር ግን የፈራ ሰው ይሉኝታ የለውምና ይታገሡኝ።

አንደኛ፣ ባለቤቴ አደይ ልጃችንን ወለተ ሐናን ከወለደች ወዲህ ደሟ አልቆ፣ ቃል ከአፏ ጠፍቶ ተኝታለች፤ ልጇን ብናስታቅፋት እንኳ ክንዷ አይጠብቅም። ባለፈው ሰኞ ሁለቱንም ይዤ ስመጣ ዕለቱ የሕፃናት ቀን መሆኑን፣ እናቲቱም ሕፃን አለመሆኗን አስረድተው ስለመለሷት አመሰግናለሁ። ከተጋባን ጀምሮ ዕድሜዋን እንዲህ አጣርቶ የነገረን ሰው አልነበረም።

ሁለተኛ፣ ልጄ መርፌ ስትወጋ ድምፅ ባለማሰማቷ በእናቶች ሁሉ ፊት «ጨዋ ልጅ» ብለው አመስግነዋታል፤ ሳሙናም ሸልመዋታል። ሳሙናው ጥሩ ነው፤ ያጥባል። ይሁን እንጂ እኩዮቿ እየዳሁ ቤቱን ሲያምሱ እርሷ ካስቀመጥናት አትነቃነቅም፤ እጄን ስዘረጋላት አትዘረጋም፤ ስስቅላት አትስቅም። ጎረቤታችን ወይዘሮ ዘይባ የሽልማቱን ዜና ስነግራት እንባዋ መጣ። ልጅቷ ለቅሶ የተወችው አልቅሳ አልቅሳ የሚመልስላት ፊት ስላጣች ነው፣ ይልቅ እናቲቱን አሳክም አለችኝ።

ሦስተኛውን በጨዋ ቋንቋ ልጽፈው ሞክሬ አቃተኝ። ፈርቻለሁ፣ ክቡር ሆይ። ክፍል ውስጥ ከኋላ ተቀምጦ አፉን የማይከፍት ተማሪ ባየሁ ቁጥር የልጄ ነገ እየመሰለኝ የምጽፈው ይጠፋብኛል። የእናቷ ዝምታ በየቀኑ ወደ እርሷ እየተሻገረ ነው፤ እኔም መሐላቸው ቆሜ ከማየት በቀር የማውቀው መድኃኒት የለኝም። እርስዎ ግን ያውቃሉ ብዬ አምናለሁ፤ ቀኑ አልደረሰ ሆኖ ነው እንጂ።

ልጄን ስላመሰገኑልኝ፣ ሚስቴንም ስላላዩልኝ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣
ወልደአማኑኤል ባዩ

ማስታወሻ፦ በመጪው ሰኞ የዕድራችን ሰዎች አደይን በቃሬዛ አምጥተው ከበርዎ ያሳርፏታል፤ ልጅቷም ደረቷ ላይ ትሆናለች። አንዷን ተቀብለው አንዷን የሚመልሱ ከሆነ፣ የት ላይ እንደሚቆረጡ እኔ ስለማላውቅ መቀሱን እርስዎ ያዘጋጁልኝ።