ትርፉን ሽቦ በስንዝር የለኩት ክብሩ ደበሌ

ወገኖቼ፣ የቆማችሁ ተቀመጡ፤ ቦታ ላጣም ጠጋ በሉለት። እኔ ካሰች የወንድሜን የአቶ ክብሩ ደበሌን ሕይወት በጥቂቱ ላሰማችሁ። ታናሼ ናቸው፤ ዕድሜዬን ሙሉ አንተ ስላቸው ኖሬያለሁ። ዛሬ ግን በእናንተ ፊት አንቱ ልበላቸው፤ ይገባቸዋል።

አቶ ክብሩ ከአባታቸው ከአቶ ደበሌና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዓይናለም በሰኔ ወር 1964 ዓ.ም. በሀዋሳ ከተማ፣ ከሐይቁ ብዙም ሳይርቅ ተወለዱ። አባታችን አሞራ ገደል፣ የዓሣ ገበያው ዳር፣ መረብ ጠጋኝ ነበሩ። ክብሩም ጉሙ ከውኃው ላይ እስኪነሳ ከጎናቸው ቁጭ ብለው፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ሽማግሌ ቆመው እያዩአቸው፣ የመረቡን ክር በስንዝር ይለኩ ነበር። አባታችን "ትርፍ ክር ዓሣ አይዝም፤ እርስ በርሱ ነው የሚያያዘው" ይሉ ነበር። ይህን ቃል ያዙልኝ።

ትምህርታቸውን በዚሁ በሀዋሳ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተከታትለው በ1985 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ሙያ ተመረቁ። ለብዙ ዓመት የሰው ቤት መብራት ሲዘረጉ ኖሩ። በ1993 ዓ.ም. ከወይዘሮ ደስታነሽ ጋር በጸሎት ተጋብተው፣ በ1996 ዓ.ም. ልጃቸውን ሮሆቦትን አገኙ። በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ከወዳጃቸው ከአቶ ሱሌይማን ጋር ባህል አዳራሽ አካባቢ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ከፈቱ። የኮምፒውተሩን ነገር እኔ አላውቀውም፤ እሳቸው ያስረዱኝን ያህል ነው የምነግራችሁ።

ባለቤቴ ዮናስ ዘማሪ ነበር፤ በ2009 ዓ.ም. አረፈ። ቤት ሲለማመድ የተቀዳው ድምፁ የቀረው አንድ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነው። በ2011 ዓ.ም. ያ ኮምፒውተር አልነሳ አለኝና ለክብሩ ሰጠኋቸው። እሳቸውም ፓወር ሰፕላዩን፣ ማለት ለሌላው ዕቃ ሁሉ መብራት የሚያከፋፍለውን ሳጥን፣ በአዲስ ቀየሩት። ሽቦዎቹን ግን የድሮዎቹን ተጠቀሙ፤ ሶኬታቸው አዲሱ ላይም ልክክ ብሎ ገባ። ለካ መግባቱን ቢገባም የውስጡ የሽቦ ቅደም ተከተል ሌላ ኖሯል። ጭስ ወጣ፤ ድምፁን የያዘው ሃርድ ዲስክ ተቃጠለ።

"ባሌን ሁለተኛ ገደልክብኝ" አልኳቸው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ ብያለሁ። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው፣ "የገባ ሁሉ ልክ መስሎኝ ነው፣ እትዬ" ብቻ አሉ። ዓመት ከምናምን ደጃቸውን አልረገጥኩም።

የተቃጠለውን ዲስክ ግን አልጣሉትም፤ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው አኖሩት። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱን ሽቦ በቴስተር፣ ማለት በመብራት መለኪያው፣ ሳይነኩ ለማንም ኮምፒውተር መብራት አይሰጡም ነበር። ሱሌይማን "አንተ ሰውዬ፣ ሽቦ ነው የምትመረምረው ሙሽራ?" እያሉ ይስቁባቸው ነበር።

በ2016 ዓ.ም. የኩላሊት ሕመም ጀመራቸው። በዓመቱ ሱሌይማን የዚያን ዲስክ አምሳያ ከሻሸመኔ ፈልገው አመጡ። ለካ የነደደው የላዩ ሰሌዳ ነው፤ ድምፁ ያለበት ውስጡ ደህና ነበር። ክብሩ ሰሌዳውን በአምሳያው ሰሌዳ ለወጡ፤ ዲስኩም ተነሳ።

ከዚያ ለእኔ ራስጌ የሚቀመጥ፣ ከዳቦ ቁራሽ የማይበልጥ ኮምፒውተር መሥራት ጀመሩ። የፓወር ሰፕላዩ ሽቦ ለትልቅ ሳጥን የተሠራ ስለሆነ በጠባቡ ውስጥ ተጣጥፎ ማራገቢያውን እየነካ ጠር ጠር ይላል። "ዮናስ በቀስታ ነው የሚያዜመው፤ ይህ ድምፅ ይውጠዋል" አሉ። የአባታችን ቃል ትዝ አላቸውና ትርፉን አንድ በአንድ ቆረጡ። ሐይቁ ከሚታይበት መስኮት አጠገብ ተቀምጠው፣ በስንዝር በጣት እየለኩ፣ ጫፉ ላይ አዲስ ብረት እያስነከሱ፣ ጥቁር ልባስ እያለበሱ ዋሉ። ሮሆቦት "አባዬ፣ የእኔን ጸጉር እንኳ እንዲህ የሠራልኝ የለም" ትላቸው ነበር። ድካም ሲጥላቸው ሽቦው በእጃቸው እንዳለ ያሸልባሉ፤ ሲነቁ ካቆሙበት ጣት ይቀጥላሉ። በሕልማቸውም ሲለኩ የቆዩ ይመስሉ ነበር።

በዚህ ዓመት መስከረም ይዘውልኝ መጡ። ቁልፉን ተጫንኩት። ምንም ድምፅ የለም፤ የነካሁትም አልመሰለኝ። ከዚያ ከዝምታው ውስጥ የዮናስ ሳል መጣ። "ካሱዬ፣ በሩን ዝጊልኝማ፤ ባጃጁ ይጮኻል" አለ። ተነስቼ ዘጋሁት። ዞር ስል ክብሩ ዓይናቸውን ጨፍነው ፈገግ ብለዋል።

አቶ ክብሩ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ አርብ ጥቅምት 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ማለዳ፣ በ53 ዓመታቸው ወደ ጌታቸው ሄዱ። ባለቤታቸው ደስታነሽ፣ ልጃቸው ሮሆቦት፣ እኔ እህታቸው ካሰች፣ እንደ ወንድም አብረዋቸው የኖሩት ሱሌይማንም ቀርተናል። ጌታ ነፍሳቸውን በሰላሙ ማደሪያ ያሳርፍ፤ የእኛንም ልብ ይደግፍ።

ክብሩዬ፣ በሩን ዘግቼልሃለሁ፤ ተኛ።

ይኸው፣ አንተ አልኳቸው፤ ይቅር በሉኝ። እናንተም ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ጥቂት ጸጥ በሉ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የምትወዱት ሰው ድምፅ ከመጣላችሁ፣ እባካችሁ፣ ወንድሜን አስቡልኝ።