የባቡር ጣቢያ ስልኮች ጠጋኙ የአቶ ጸጋው ገብረ ማርያም የሕይወት ታሪክ

አቶ ጸጋው ገብረ ማርያም ከአባታቸው ከመሪጌታ ገብረ ማርያም ኃይለ ሚካኤልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቡዜ ሞላ ሐምሌ 5 ቀን 1947 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ተወለዱ። ፊደል ከአባታቸው ዘንድ ቆጥረው ዘመናዊ ትምህርታቸውን በደሴ ተከታትለዋል። አባታቸው ለድቁና ቢያስቧቸውም የእሳቸው ልብ ከሽቦና ከባትሪ ጋር ነበር፤ የጎረቤት ራዲዮ ፈትተው መግጠም እንዳቃታቸው የቦሩ ሜዳ ሰዎች ዛሬም እየሳቁ ያነሡታል።

በ1966 ዓ.ም. የባቡር ስልክ ጥገና ሠልጣኝ ሆነው በድሬዳዋ ተቀጠሩ። በ1974 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሥርጉት ወንድምአገኘሁ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ጽናትንና ነፃነትን ወልደዋል። ቤተሰቡ ኮምቦልቻ ይኖር ስለነበር ልጆቻቸውን በአብዛኛው ያሳደጉት በስልክ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ ለቅርስነት ተጠብቆ ጎብኚ በሚያመላልስ አጭር የባቡር መስመር ላይ ተመደቡ። የዚያ መስመር የጣቢያ ስልኮች በእጅ እየተዞሩ የሚደወሉ የጥንት ስልኮች ነበሩና ከእሳቸው በቀር የሚያውቃቸው አልነበረም። ተመላሽ ባቡር በተወሰነለት ሰዓት ይነሣል፤ ሂያጅ ባቡር ግን ከጣቢያ የሚነሣው የጣቢያው ኃላፊ ወደ ቀጣዩ ጣቢያ ደውሎ መንገዱ ባዶ መሆኑን ሲያረጋግጥ ብቻ ነው። ሽቦ የጠገነ ሰውም ከመሄዱ በፊት ለየጣቢያው ደውሎ ማን እንዳነሣ መጠየቅ ግዴታው ነው።

በሐምሌ 2000 ዓ.ም. ልጃቸው ጽናት በደሴ በነርስነት ስትመረቅ፣ አቶ ጸጋው መኪና እንዳያመልጣቸው እየተጣደፉ ሁለት ሽቦ በስሕተት አቀያይረው አሰሩ፤ ደውለውም ሳይፈትሹ ሄዱ። በምረቃው አዳራሽ ከሰው ሁሉ ቀድመው ተገኝተው ማጨብጨባቸውን ይህን የምትጽፈው ጽናት አትረሳውም። በዚያው ዕለት የጣቢያ ኃላፊው አቶ ጀላል ኑርሁሴን ወደ ቀጣዩ ጣቢያ ደወሉ። ስልኩን ያነሣው ግን ከዚያ ወዲያ ያለው ጣቢያ ነበር። ያ ጣቢያ ተመላሹን ባቡር ቀድሞ አሳልፎ ስለነበር መንገዱ ባዶ ነው ሲላቸው ባቡሩን ለቀቁ፤ ተመላሹ ባቡር ግን ፊት ለፊት እየመጣ ነበር። ሾፌሮቹ ሜዳው ላይ ከሩቅ ተያይተው ስላቆሙ፣ ተመስገን፣ የሰው ጠጉር አልተነካም።

ቀጣዩ ጣቢያ ማንም አልደወለልኝም አለ። አቶ ጀላል «ወላሂ ደውያለሁ!» ቢሉም የሚያምናቸው ጠፍቶ ከሥራ ታገዱ። አቶ ጸጋው ተመልሰው ሽቦውን ሲያዩ የገዛ እጃቸውን ሥራ አወቁት። መልሰው ቢያስሩት ነገሩ እዚያው ተቀብሮ ይቀር ነበር። እሳቸው ግን ሽቦውን ሳይነኩ አለቆቻቸውን ጠርተው አሳዩ። እሳቸው ከደረጃቸው ዝቅ ተደረጉ፤ አቶ ጀላልም ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ይሁን እንጂ እገዳው ቢነሣም ወሬው አልተነሣም። አቶ ጀላል ጡረታ ወጥተው አገራቸው ደጋን ሲገቡም «ሳይደውል ባቡር የለቀቀው» የሚሏቸው አልጠፉም። ይህ ነገር አባታችንን እስከ መጨረሻው ሲያንገበግባቸው ኖሯል።

አቶ ጸጋው በ2007 ዓ.ም. ጡረታ ወጥተው ኮምቦልቻ ከገቡ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑንም የመስጊዱንም ድምፅ ማጉያ በነፃ ሲጠግኑ ኖረዋል። ኩላሊታቸውን ታመው በቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሲረዱ አቶ ጀላል ከደጋን እየተመላለሱ አስታመዋቸዋል፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ከድጃም ስንቅ ሳይልኩ የቀሩበት ቀን የለም። ለሁለቱም ምስጋናችን ወሰን የለውም። አባታችን የካቲት 11 ቀን 2010 ዓ.ም. በተወለዱ በ62 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል።

ከማረፋቸው ሁለት ቀን በፊት ጽናትን ጠርተው «ታሪኬን ስትጽፊ ጥፋቴን እንዳታለዝቢው። የደጋንም የኮምቦልቻም ሰው እኔን ሊቀብር ይመጣል፤ ያኔ ይስማ» ብለው አዘዋታል። ስለዚህ እናንተ ወዳጅ ዘመዶች በተሰበሰባችሁበት፣ ሬሳቸው ፊት ቆመን በእሳቸው ስም እንመሰክራለን፦ አቶ ጀላል ደውለው ነበር።

ጥፋታቸውን ያልሸሸጉትን አባታችንን እግዚአብሔር በምሕረቱ ይቀበልልን።